አኮ፣ እኔ ላንብብልሽ

በ2012 ዓ.ም. ክረምቱ ሳይገባ፣ ወለጋ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ የከረመበትን ጊዜ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ነቀምቴ ያለን ወላጆች አዲስ አበባ ያሉት ልጆቻችን ደህና መሆናቸውን የምንሰማው በአውቶቡስ ከመጣ ሰው ነበር። ማታ ማታ ከልጅ ልጄ ጋር ምድጃው አጠገብ ቁጭ እንልና ዝም እንባባላለን። የእሷ እናት አዲስ አበባ ነበረች።

ከእነዚያ ምሽቶች በአንዱ ልጅቱ፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ከመደርደሪያው ላይ የእናቴን መጽሐፍ ቅዱስ አወረደችና «አኮ፣ እኔ ላንብብልሽ» አለችኝ። አኮ በኦሮምኛ ሴት አያት ማለት ነው። ደስ ብሎኝ እሺ አልኳት። ገለጥ አድርጋ አየችውና መልሳ ዘጋችው። መጽሐፉ ኦሮምኛ ነው፣ ፊደሉ ግን የግዕዝ ነው። እሷ በትምህርት ቤት የምታውቀው ቁቤን ብቻ ነው። እኔ ፊደሉን አውቀዋለሁ፣ ዓይኔን ግን ሞራ ጋርዶት ነበር። በገዛ ቋንቋችን የተጻፈ መጽሐፍ ቤታችን ውስጥ ተቀምጦ ሁለታችንም ማንበብ አቃተን። ነርስ ሆኜ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ዓይን ስመለከት ኖሬ የራሴን ችላ ማለቴን ሳስበው እስካሁን አፍራለሁ።

ያ መጽሐፍ እንዲሁ የተገኘ አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብ ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አካባቢ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተነጥቆ በባርነት የተሸጠ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጥቶ በስዊድን ሚሲዮን ተማረ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መመለስ ሲጀምር ግን አንድ ችግር ገጠመው፤ ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ስለነበር ቋንቋው ሙሉ አልነበረም። የጎደለውን የሞላችለት አስቴር ጋኖ ናት። እሷም እንደ እሱ ለባርነት ከተሸጠች በኋላ ነጻ የወጣች ሴት ናት፤ ቃላቱን፣ ተረቱን፣ ዘፈኑን አጥብቃ የያዘች። ሙሉው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ቅድስት ክሪስኮና በተባለ ቦታ ታተመ። ሁለቱም በ1904 ነቀምቴ መጥተው ሲያስተምሩ ኖሩ፤ ኦነሲሞስም በ1931 እዚሁ አረፈ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የኦሮምኛ ትምህርት በቁቤ ሆነ፣ መጽሐፍ ቅዱሱም በቁቤ ታተመ። አያትና የልጅ ልጅ ግን በመካከላቸው ፊደል ቆሞ ቀረ። ይህ በእኔ ቤት ብቻ ያለ አይመስለኝም።

በማግስቱ ከጎረቤት የቁቤውን ተዋስኩ። እሷ ታነባለች፣ እኔ አዳምጣለሁ። ከማርቆስ ወንጌል ጀመርን፤ አጭር ነው፣ 16 ምዕራፍ ብቻ። ልጅቱ ስትሳሳት አላርማትም ነበር፤ ቃሉ ሲያቅታት ግን ትርጉሙን እነግራታለሁ። ዓይን የእሷ፣ ቃል የእኔ ሆነ ማለት ነው።

በማዳመጥ ብቻ መጽሐፍ ቅዱስን ማወቅ ይቻላል ወይ ለምትሉ፣ ቄስ ጊዳዳ ሶለንን ላስታውሳችሁ። የደምቢ ዶሎ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን ወስዶባቸዋል። ደምቢ ዶሎ ላይ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን የጀመረው በሐኪም ነው። የኅዳር በሽታ አገር ምድሩን ከጨረሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1919፣ ዶክተር ቶማስ ላምቢ ወደዚያ ሄደ። ጊዳዳ በዚያ አምነው፣ ሌላ ሰው ሲያነብ እየሰሙ ቃሉን በልባቸው ያዙና ሰባኪ ሆኑ። ጣልያን ሲመጣ የውጭ ሰዎቹ ሲባረሩ ቤተ ክርስቲያኒቱን ከያዟት አንዱ እኚህ ዓይነ ስውር ሰው ነበሩ። ኋላ የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ልጃቸው ናቸው። ቤቴል የምንላት ይህች ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር አንድ ሆነች፤ የካልቪንን ወገን ትምህርት ግን እስካሁን ይዛለች።

ያ ትምህርት ለቤተሰብ ንባብ የሚጠቅመው በምኑ ነው? አንደኛ፣ መጽሐፉን ከመሃል ቀንጭቦ ሳይሆን በተራ ማንበብን ያስለምዳል። ዝዊንግሊ እ.ኤ.አ. በ1519 ዙሪክ ላይ የማቴዎስን ወንጌል ከመጀመሪያው ጀምሮ በተከታታይ መስበክ ሲጀምር ብዙ ሰው ገርሞት ነበር። ደግሞ ግልጽ ያልሆነውን ቦታ ግልጽ በሆነው ፍቱት ይላል። ይህ እኔን ብዙ ጊዜ አውጥቶኛል። ልጅቱ ስለ ይስሐቅ መሥዋዕት አንብባ «አብርሃም እውነት ሊያርደው ነበር?» ብላ ስትጠይቀኝ ክው አልኩ። መልስ ፍለጋ ስንሄድ ዕብራውያን ምዕራፍ 11 ላይ ደረስን፤ አብርሃም እግዚአብሔር ከሞት እንኳ ማስነሣት እንደሚችል አስቦ ነበር ይላል። ልጅቱ ሙሉ በሙሉ የረካች አልመሰለኝም። እኔም ብሆን ያን ማታ ስተኛ አስብ ነበር።

ሌላው የጥያቄና መልሱ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1563 የወጣው የሃይደልበርግ ካቴኪዝም 129 ጥያቄዎች አሉት፤ በ52 እሑዶች ተከፋፍለዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሕግ ወይም ስለ ሥርዓት አይደለም፤ በሕይወትም በሞትም የሚያጽናናህ ምንድን ነው የሚል ነው። ልጇ ያለችበትን ለማታውቅ እናት ከዚህ የበለጠ ጥያቄ የለም። ያን ሰሞን ደጋግመን ተጠያየቅነው።

ስለ መጠኑ ላንሳ። መጽሐፍ ቅዱሱ 66 መጻሕፍት፣ 1,189 ምዕራፎች አሉት። በቀን አንድ ምዕራፍ ብታነቡ ሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት ይፈጃል። በዓመት ልጨርስ ብሎ ጀምሮ ዘሌዋውያን ላይ የሚቀር ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ አንዷ እኔ ነኝ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስናስውጥ ሕመምተኛው በየቀኑ ፊታችን ይውጥ የምንለው የአንድ ሳምንቱን በአንድ ቀን መዋጥ ስለማያድነው ነው። ሲሻለው የሚያቋርጥም ብዙ ነው። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቼ ዳዊቱን ለሰባቱ ቀን ከፋፍለው ሲደግሙ ሳይ የሚያስቀናኝ ይኸው ልማዳቸው ነው።

እናንተም አያቶች፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ፊደል ቢርቅባችሁ መነጽር ይበቃ ይሆናል፤ ዓይናችሁ እንደ ጭጋግ ከሸፈነው ግን ተመርመሩ። ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይወጣል። እኔም ዘግይቼም ቢሆን አስወጣሁት።

አሁን ልጅቱ አድጋለች፣ በስልኳ ነው የምታነበው። አንዳንድ ጊዜ ሦስት ቀን ይዘለናል፤ ፈተና ሲደርስባት ከዚያም ይበልጣል። የግዕዙን ፊደል አስተምሬያታለሁ፣ እኔም ቁቤውን እንደምንም ይዣለሁ። ያለፈው ሳምንት የእናቴን መጽሐፍ ይዘን መጽሐፈ ነገሥት ላይ ነበርን። የነገሥታቱን ስም እየዘለለች ስታነብ ያዝኳትና ወደ ኋላ መለስኳት።

«አኮ፣ ታያለሽ እንዴ አሁን?» አለችኝ።