ብርሃን ከክብ ቤቱ በየት በኩል ይወጣል?

በዚህ እትም ከጸጉር ውፍረት ስለሚያንስ ሌዘር እንጨዋወታለን። ርዕሱ ከበድ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን ክብ መሳል የሚችል ልጅ ሁሉ ይገባዋል።

የሚያንሾካሹክ ግድግዳ

ለንደን ውስጥ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አለ። ከጉልላቱ ሥር ባለው፣ 257 ደረጃ በሚያስወጣው ክብ ሰገነት ላይ አንዱ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ቢያንሾካሹክ በወዲያኛው በኩል ያለው ጓደኛው ይሰማዋል። ለምን? ድምፁ የክቡን ግድግዳ እየታከከ ስለሚዞር ነው። ይህን ያስረዳው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ ነበር።

ብርሃንም እንዲሁ መዞር ይችላል። በመስታወት ውስጥ የሚሄድ ብርሃን ጠርዙን ፊት ለፊት ከመታው አብዛኛው ወደ ውጭ ይወጣል። በጣም አጋድሎ ከመታው ግን ሙሉ በሙሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ የቤል ላብስ ተመራማሪዎች በዚህ ዘዴ እንደ ሳንቲም ክብና ጠፍጣፋ የሆነ ሌዘር ሠሩ። ስፋቱ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። አንድ ማይክሮን ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ለአንድ ሺህ ሲካፈል ነው።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?

ክብ ብርሃንን አጥብቆ ይይዛል። ሾልኮ የሚወጣው ጥቂት ነው፤ እሱም ዙሪያውን ለሁሉም አቅጣጫ እኩል ይበተናል። እኛ ደግሞ ብርሃኑን ወደምንፈልገው ቦታ መላክ እንፈልጋለን። ምን ይሻላል? ሳይንቲስቶች ክቡን ትንሽ እናጣመው አሉ!

እናንተም ሞክሩት

በኮምፓስ ትልቅ ክብ ሳሉ። ከጠርዙ ተነስታችሁ በማስመሪያ መስመር አስምሩ። መስመሩ ጠርዙን ሲነካ፣ የገባበትና የሚወጣበት ማዕዘን እኩል እንዲሆን እየለካችሁ ቀጥሉ። መስመሮቹ ሁሉ እኩል ርዝመት ይኖራቸዋል፤ ማዕዘኑም አይለወጥም። ስለዚህ አንዴ የታሰረ ጨረር እንደታሰረ ይቀራል። አሁን ደግሞ የእንቁላል ቅርጽ ሳሉና ድገሙት። ማዕዘኑ በየምቱ ይለዋወጣል! አንድ ቀን ጨረሩ ጠርዙን ቀጥ ብሎ ሲመታው ያኔ ይወጣል።

ኮምፒውተር ምን ይሠራል?

እናንተ አሥር መስመር ስትስሉ ኮምፒውተር በሺህ የሚቆጠሩ ጨረሮችን ይልካል፤ ስንቱ በየት በኩል እንደወጣ ይቆጥራል። ግን ብርሃን ሞገድም ነው። ቤቱ በጣም ትንሽ ሲሆን መስመር ብቻ አይበቃም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ቦታውን በትንንሽ ካሬዎች፣ ጊዜውን በትንንሽ እርምጃዎች ይከፋፍልና በየካሬው ያለውን ሞገድ በማክስዌል ቀመሮች ያሰላል። ይህን ዘዴ ኬን ዪ የተባለ ሰው ያወጣው በ1966 ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት ለምን ያስፈልጋል? እያንዳንዱን ቅርጽ ሠርቶ መሞከር ብዙ ወጪና ጊዜ ይፈጃል። በኮምፒውተር ግን መቶ ቅርጽ ተሞክሮ ጥሩው ብቻ ይሠራል።

ውጤቱስ?

በ1998 ክሌር ግማክልና ፌዴሪኮ ካፓሶ ያሉበት ቡድን ጎኖቹ ጠፍጠፍ ያሉ ሞላላ ሌዘሮችን ሠራ። ብርሃኑ በውስጡ የቢራቢሮ ክራባት ቅርጽ እየሠራ ይመላለስ ነበር፤ የሚወጣውም ኃይል ከክቡ እስከ 1000 እጥፍ በለጠ። ሌላ ጥያቄ ግን ቀረ፤ ብርሃኑ በደንብ ሳይያዝ ሌዘሩ አይሠራም፤ በደንብ ከተያዘ ደግሞ አይወጣም። ሁለቱን እንዴት እናስታርቅ? በ2008 ያን ቪርዚግና ማርቲና ሄንቸል ሊማሶን የሚባል፣ በአንድ ጎኑ ጠፍጠፍ ያለ ክብ የመሰለ ቅርጽ አሰሉ። ስሙ በፈረንሳይኛ ቀንድ አውጣ ማለት ነው። ስሌቱ እንዳሳየው ይህ ቅርጽ ብርሃኑን አጥብቆ ይይዛል፣ የሚወጣውንም በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ይልካል። በ2009 የተለያዩ ቡድኖች ሠርተው ሲሞክሩት ስሌቱ ልክ ሆኖ ተገኘ።

ጥያቄዎች
1. ጨረር ከክብ ይልቅ ከእንቁላል ቅርጽ ለመውጣት የሚቀለው ለምንድን ነው?
2. ሌዘሩን ከመሥራት በፊት ማስላት ምን ይጠቅማል?

ለወላጆች፦ እባካችሁ ሥዕሉን ከልጆቻችሁ ጋር ሳሉ። «ማዕዘን»፣ «ሞላላ»፣ «ነጸብራቅ» የሚሉትን ቃላት በአማርኛ እየተናገራችሁ ሥሩ። ልጆች ቃሉን የሚይዙት በእጃቸው ሲሠሩበት ነው። የሌዘር መብራት ግን ለጨዋታ አትስጧቸው፤ ዓይን ይጎዳል።