አስፋልት፣ ጠጠር፣ አሸዋ፦ ለሞተር ሳይክል ጎማ ስንት አየር ይበቃዋል?

በሰሜን ኬንያ ከኢሲዮሎ ተነስቶ በማርሳቢት አድርጎ ሞያሌ የሚደርሰው አውራ ጎዳና አስፋልት ለብሷል። ከአስፋልቱ የሚወጣ ሞተረኛን ግን የዲዳ ጋልጋሉ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወይም የቻልቢ በረሃ አሸዋ ይጠብቀዋል። መንገዱ ሲለወጥ ጎማ መቀየር አይቻልም፤ በጎማው ውስጥ ያለውን አየር ማስተካከል ግን ይቻላል።

ሞተር ሳይክል በእያንዳንዱ ጎማው መሬትን የሚነካው ከሰው መዳፍ በማይበልጥ ስፋት ነው። ፍሬኑም፣ መታጠፉም፣ ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ደኅንነትም በዚህች ስፋት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። አየር ሲቀንስ ይህች ስፋት ትረዝማለች፤ ጎማውም አሸዋውን ከመቆፈር ይልቅ በላዩ ይሄዳል። አየር ሲበዛ ጎማው ይደርቃል፣ ጠጠር ላይም ይነጥራል።

መነሻው የአምራቹ መመሪያ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ለቦዳ ቦዳ አገልግሎት በሚውሉት ከ100 እስከ 150 ሲሲ ሞተሮች ላይ የተለመደው ልክ ለፊት ጎማ 25 ፒኤስአይ ገደማ፣ ለኋላ ጎማ ነጂው ብቻውን ሲሆን 28፣ ሰው ሲያፈናጥጥ 32 ነው። በጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ጎማው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛ መጠን እንጂ የሚመከረው አይደለም። ይህን ቁጥር አይቶ የሚሞላ ሰው ጎማውን ከልክ በላይ ያደርቀዋል።

በጠጠር መንገድ ከተለመደው ልክ ከ3 እስከ 5 ፒኤስአይ መቀነስ ይበቃል። በጥልቅ አሸዋ ደግሞ፣ ጭነት ከሌለና ፍጥነቱ ዝቅተኛ ከሆነ፣ እስከ 18 ገደማ መውረድ ይቻላል። ከዚያ በታች ሌላ ችግር ይመጣል። ጎማው በቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ከመነዳሪውን ይዞ በመዞር የአየር መሙያውን አንገት ይቆርጠዋል። አንገቱ ዘመም ብሎ ከታየ ይህ መጀመሩን ያመለክታል።

ሹል ድንጋይ የበዛበት መንገድ ግን ከአሸዋ ጋር አንድ አይደለም። አየሩ ያነሰ ጎማ ድንጋይ ሲመታ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ይቀረቀራል። ጎሚስታው ከመነዳሪውን አውጥቶ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካገኘ፣ ጥፋተኛው ሚስማር ሳይሆን የአየር ማነስ ነው። ከኋላ ሰው ወይም ጆንያ የጫነ ሞተረኛ ደግሞ የኋላውን ጎማ አየር ባይነካው ይሻላል፤ መጠንቀቅ ያለበት በፍጥነት ነው።

ሙቀትና ከፍታም ልኬቱን ያዛባሉ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር የጎማ ግፊት ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ ይጨምራል። ስለዚህ ልኬቱ ማለዳ፣ ጉዞ ሳይጀመር ይወሰዳል፤ በጉዞ የጋለ ጎማ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ስለታየ ብቻ አየሩ አይቀነስም። በከፍታ ደግሞ የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል። በጅቡቲ ባሕር ዳርቻ የተሞላ ጎማ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ መለኪያው ከ3 ፒኤስአይ በላይ ጨምሮ ያሳያል። የደጋው ቅዝቃዜ ግን ከዚህ ጭማሪ የተወሰነውን መልሶ ይወስዳል።

አየር ማስተንፈስ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ መሙላቱ ነው ችግሩ። በአሸዋ ልክ የተነፈሰ ጎማ ይዞ አስፋልት ላይ በፍጥነት መንዳት የጎማውን ጎን ደጋግሞ እያጠፈ ያግለዋል፤ ጎማውም ሊተረተር ይችላል። በመታጠፊያ ላይም ሞተሩ ይዋዥቃል። ስለዚህ ከአስፋልት የሚወጣ ሰው መለኪያና የእጅ ፓምፕ መያዝ ይኖርበታል። ፓምፕ ከሌለው ባያስተነፍስ ይመረጣል። አስተንፍሶ ከሆነም በአቅራቢያው ያለው ጎሚስታ ዘንድ እስኪደርስ ሰው ሳያፈናጥጥ በዝግታ መንዳት አለበት።