ያለ አሰልጣኝ ቺ ሳኦ

ከክፍለ ሀገር ወደ እኔ የሚመጡ ልጆች አብዛኞቹ ዊንግ ቹንን የተማሩት ከስልክ ነው። በዚህ አላሾፍም። በየከተማው ቴኳንዶ የሚያሠለጥን ሰው አይጠፋም፤ ዊንግ ቹን የሚያውቅ ግን በፋኖስ ቢፈለግ አይገኝም። ልጆቹ ፎርሙን ከቪዲዮ እያዩ በቃላቸው ይይዙታል፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም አጠገቤ ከሚሠለጥኑት አሳምረው ይሠሩታል። ችግሩ የሚጀምረው ጓደኛ ፈልገው ክንድ ለክንድ ሲገናኙ ነው።

ቺ ሳኦን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልናገር። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ክንዳቸውን ያገናኛሉ። ንክኪው ሳይቋረጥ አንዱ ያጠቃል፤ ሌላው የሚመልሰው በዓይኑ አይቶ ሳይሆን ክንዱ ላይ የተለወጠው ግፊት ተሰምቶት ነው። እጅ ለእጅ በሚያደርስ ርቀት ዓይን ይዘገያል፤ ከቆዳና ከጡንቻ የሚመጣው መልእክት ይቀድማል። ታይ ቺዎች ቱይ ሾ፣ የኦኪናዋ ጎጁ ሪዩ ካራቴዎች ካኪዬ፣ ፊሊፒኖች ሁቡድ የሚሉት ልምምድ የዚሁ ዘመድ ነው። ከሩቅ ላየው ልፊያ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ እውነትም ልፊያ ሆኖ ይቀራል።

የዊንግ ቹን መምህሩ ኢፕ ማን እ.ኤ.አ. በ1972 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሲዩ ኒም ታኦና ቹም ኪዩ የተባሉትን ፎርሞችና በእንጨት ሰው ላይ የሚሠራውን ፎርም ሲሠራ ልጆቹ ቀርጸውታል። ያ ፊልም ዛሬ የፈለገው ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ የሚያየው ነው። ክርኑ የት እንዳረፈ፣ የእጁ አንጓ እንዴት እንደዞረ ይታያል። ክንዱ ምን ያህል ይከብድ እንደነበር ግን አይታይም። ቺ ሳኦ ማለት ደግሞ ይኸው የማይታየው ነገር ነው።

ስለዚህ አሰልጣኝ የሌላቸው ሰዎች የሚጎድላቸው ቴክኒክ አይደለም፤ እሱማ ሞልቶ ተርፏል። የሚጎድላቸው ልክ ያለው ግፊት የሚሰጣቸው እጅ ነው። እኔ ከጀማሪ ጋር ስሠራ የማሸንፍ አይደለሁም። ትንሽ እጨምራለሁ፣ ትንሽ እቀንሳለሁ፣ ስህተቱ የሚገለጥበትን ያህል ብቻ እገፋለሁ። ሁለት ጀማሪዎች ሲገናኙ ግን ሁለቱም ማሸነፍ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ትከሻ ይጠጥራል፣ ጉልበት ይገባል፣ ያኔ ክንድ መስማት ያቆማል። ጀርመናዊው ኤርንስት ዌበር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰዎችን ክብደት እያስያዘ ያጠናው ይህንኑ ነው፦ ሸክሙ በከበደ መጠን ትንሽ ጭማሪ አይታወቅም። ኩንታል የተሸከመ ሰው አንድ እፍኝ ጤፍ ቢጨመርበት ምን ይሰማዋል?

መድኃኒቱ በአንድ እጅ የሚሠራው ዳን ቺ ሳኦ ነው። ብዙዎች የሕፃናት ነገር መስሏቸው ይዘሉታል። አንዱ ክርኑን ወደ መሐል ሰብስቦ፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ክንዱን ይዘረጋል፤ ታን ሳኦ ይባላል። ሌላው በትይዩ ያለውን እጁን ከላይ ያሳርፍበታል፤ ይህ ፉክ ሳኦ ነው። ባለ ታኑ በመዳፉ ወደ ደረት ይመታል። ባለ ፉኩ ክርኑን ዝቅ አድርጎ ይገታውና በቡጢ ይመልሳል። ባለ ታኑ ክርኑን አንሥቶ በቦንግ ሳኦ ያሳልፈዋል። ከዚያ ሁለቱም ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

አንድ ጊዜ ሁለት ጓደኛማቾች ይህንን ዓይን በሚያፈዝ ፍጥነት ሠርተው አሳዩኝ። አላቋረጥኳቸውም። ቀጥሎ ባለ ታኑን ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ “አሁን አትምታ፣ ዝም ብለህ ቁም” አልኩት። የባልደረባው እጅ ምንም ሳይመጣበት ዥው ብሎ ወረደ።

“ማስተር፣ አልመታኝም እኮ!” አለ ልጁ።

“አንተስ ለምን ወረድህ?”

“ተራዬ ነዋ!”

ከዚህ የተሻለ መልስ ሰምቼ አላውቅም። ክንዱ የሰማው ነገር አልነበረም፤ ተራውን ቆጥሮ ነበር። ለወራት ሁለቱ ብቻ ሲሠሩ ተላምደዋል፤ የአንዱ ስህተት የሌላውን ስህተት እየሸፈነለት ሁለቱም የጎበዙ መስሏቸዋል። ያለ አሰልጣኝ የሚሠራ ሰው ዋና አደጋ ይህ ነው እላለሁ፤ ከመጥፎ ቴክኒክ ይልቅ የምፈራው መላመድን ነው። እናም ሦስተኛ ሰው ፈልጉ። አጭር ከሆናችሁ ረጅም፣ ቀጭን ከሆናችሁ ደንዳና ሰው፤ ቢቻል ዊንግ ቹን ጭራሽ የማያውቅ።

እኛ በቪዲዮ ቤት ያደግን ትውልድ ብሩስ ሊን ሁሉን አውቆ የጨረሰ አድርገን ነው የምናስበው። እሱ ግን ሆንግ ኮንግን ለቆ አሜሪካ ሲገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበር፤ የዊንግ ቹንን ሥርዓትም ሙሉ ለሙሉ አልጨረሰም። ሲያትል ውስጥ ክንድ የሚያገናኘው ከራሱ ተማሪዎች ጋር ሆነ። የመጀመሪያው ተማሪው ጄሲ ግሎቨር የጁዶ ሰው ነበር። የለመደውን ምላሽ የማይሰጡት ሰዎች መሐል መውደቁ እንደጠቀመው እንጂ እንደጎዳው አይሰማኝም።

ዳኛ ካስፈለጋችሁ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ባልደረባችሁ ሳይነግራችሁ እጁን ድንገት ከሥር ይሳብ። እጃችሁ ቀጥ ብሎ ወደ ደረቱ መሐል ከሄደ ግፊታችሁ ደህና ነው። ወደ ታች ከወደቀ ክንዳችሁን እሱ ላይ ጥላችሁ ነበር የቆማችሁት። ወደ ጎን ከተፈናጠረ ደግሞ ያልመጣ ነገር ስትገፉ ነበር። ለዚህ ማንም አስተማሪ አያስፈልግም፤ በየልምምዱ መሐል ደጋግማችሁ አድርጉት።

ዓይን ሸፍኖ መሥራትን በተመለከተ፣ ፊልም ላይ ያምራል፣ አሰልጣኝ በሌለበት ግን አልመክርም። የሸፈነው ሰው ጣት ሲመጣበት ማየት አይችልም። ዓይናችሁን መጨፈን ካማራችሁ ከደረት በላይ ምንም ላይሰነዘር ተስማሙ፤ አዝጋሚ ይሁን፤ ክርን ወይም ትከሻ ማመም ከጀመረ የዚያን ዕለት ይብቃችሁ።

ምናልባት አንድ ቀን የሚያውቅ ሰው በከተማችሁ ያልፍ ይሆናል፤ ወይም እናንተ አዲስ አበባ ብቅ ትሉ ይሆናል። ያኔ አዲስ ቴክኒክ አሳየን ብላችሁ ሰዓቱን አትጨርሱበት። ዳን ቺ ሳኦ አብሯችሁ እንዲሠራ ለምኑት፤ ከሁላችሁም ጋር፣ በየተራ።