ለደም መርጋት ምርመራ ደም ስንሰጥ



የዛሬውን ርእስ ያስመረጡን አንዲት የቀራንዮ እናት ናቸው። ልጃቸው የልብ በር (ቫልቭ) ተቀይሮላት በየማታው ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። በአንድ ሳምንት ውስጥ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ተመርምራ በአንደኛው 2.6፣ በሁለተኛው 3.9 ተባለች። «መድኃኒቷን አንድም ቀን አልዘለለችም፤ የበላችውም ያው የቤታችንን ነው። ታዲያ ደሟ በሦስት ቀን እንዴት እንዲህ ይቀያየራል?» ብለው ጠየቁን። ደሙ እንዴት እንደተቀዳ ስንጠይቃቸው፣ በሁለተኛው ቦታ ደም ሥሯ አልገኝ ብሎ ብልቃጡ ሳይሞላ እንደቀረ ነገሩን። ነገሩ እዚያ ላይ ነው።

በአገራችን ብዙ ወጣቶችን ለዚህ መድኃኒት የሚዳርጋቸው በልጅነት ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም የሚያመጣው የልብ በሽታ ነው። በ2001 ዓ.ም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተከፈተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከልም በዚሁ ምክንያት በሩ የተጎዳ ብዙ ልጅ ያያል። ሰው ሠራሽ የብረት በር የገባለት ሰው ደሙ በበሩ ላይ እንዳይረጋ ማቅጠኛውን ዕድሜውን ሙሉ ይወስዳል። መጠኑ ካነሰ ደም ረግቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ከበዛ ደግሞ ይደማል። ዋርፋሪን እ.ኤ.አ. በ1948 ለገበያ የቀረበው ለአይጥ መርዝ ነበር፤ ለሰው መድኃኒት የሆነው ከ1954 ወዲህ ነው። ይህን የምናነሳው ለማስፈራራት ሳይሆን መጠኑ ለምን በግምት እንደማይሰጥ ለማሳየት ነው።

መጠኑ የሚለካው አይ ኤን አር በሚባል ቁጥር ነው። ማቅጠኛ የማይወስድ ጤነኛ ሰው ወደ 1 ይጠጋል። ማቅጠኛ የሚወስድ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ይፈለጋል፤ የብረት በር ላለባቸው አንዳንዶች ሐኪም ከ2.5 እስከ 3.5 ያደርገዋል። ስለዚህ በ2.6 እና በ3.9 መካከል ያለው ልዩነት «መጠኑን አትንኩ» እና «መጠኑን ቀንሱ» የሚያሰኝ ልዩነት ነው።

አሁን ወደ ብልቃጡ እንምጣ። ለዚህ ምርመራ የሚውለው ክዳኑ ውሃ ሰማያዊ የሆነው ነው። ውስጡ ትንሽ ፈሳሽ አለ፤ ሲትሬት ይባላል። ደም ለመርጋት ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ ሲትሬቱ ካልሲየሙን ይዞ ደሙን ሳይረጋ ያቆየዋል። ላቦራቶሪው በኋላ ካልሲየም መልሶ ይጨምርና ደሙ በስንት ሰከንድ እንደሚረጋ ይቆጥራል። ሒሳቡ ዘጠኝ እጅ ደም ለአንድ እጅ ሲትሬት ነው። በተለመደው ብልቃጥ 0.3 ሚሊ ሊትር ሲትሬት ስላለ 2.7 ሚሊ ሊትር ደም መግባት አለበት። 1.8 ብቻ ከገባ ሒሳቡ ስድስት ለአንድ ይሆናል። የተረፈው ሲትሬት ላቦራቶሪው የሚጨምረውን ካልሲየም ጭምር ይይዝና ደሙ ዘግይቶ ይረጋል፤ ቁጥሩም በሐሰት ከፍ ይላል። ሐኪሙ ያንን አምኖ መድኃኒቱን ቢቀንስ፣ እውነተኛ ደሟ 2.6 የነበረችው ልጅ ጥበቃዋ ይጎድላል። የእኒህ እናት ሥጋት ከንቱ አልነበረም።

ብልቃጡ ላይ የመሙያ ምልክት አለ። ደሙ ከዚያ በጣም ከጎደለ «ይበቃል» ከሚል ይልቅ እንደገና የሚቀዳ ባለሙያ ይሻላል፤ ሁለተኛ መወጋቱ ቢያም እንኳ። ከሁሉ የከፋው ግን የጎደለውን ከሌላ ብልቃጥ ገልብጦ መሙላት ነው። ሐምራዊ ክዳን ያለው ብልቃጥ ውስጥ ያለው መድኃኒትም ካልሲየም ስለሚይዝ ውጤቱን ያበላሸዋል። በዚሁ ምክንያት ብዙ ብልቃጥ ሲቀዳ ሰማያዊው ከቀይና ከሐምራዊ በፊት ይሞላል።

ክንድ ላይ የሚታሰረው ላስቲክ ከአንድ ደቂቃ በላይ ባይቆይ ጥሩ ነው። ደሙ እንደገባ ብልቃጡን ሦስት አራት ጊዜ ቀስ አድርጎ መገልበጥ ያስፈልጋል። መናጥ ግን ደሙን ይሰብረዋል። ጨርሶ ካልተገላበጠ ደግሞ ትንንሽ የረጋ ደም ይፈጠራል፤ እንዲህ ያለ ናሙና ለምርመራ አይሆንም።

ከሰፈር ክሊኒክ ደም ተቀድቶ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ የሚላክ ከሆነ ጉዞውም ይታሰብበት። ከቀራንዮ ተነስቶ በጦር ኃይሎች በኩል መሐል ከተማ ለመድረስ የመንገዱን መጨናነቅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለአይ ኤን አር የተቀዳ ደም በክፍል ሙቀት እስከ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ሌሎች የመርጋት ምርመራዎች ግን በአራት ሰዓት ውስጥ መሠራት አለባቸው። በፀሐይ የጋለ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ አይገባም። በረዶ ላይ ማድረግም ደግ አይደለም፤ ብርድ የመርጋት ንጥረ ነገሮችን ያነቃቃል።

ብዙዎች የሚጠይቁን ስለ ረመዳን ነው። አይ ኤን አር ለመመርመር ባዶ ሆድ መሆን ግዴታ አይደለም፤ ጾመኛ ሆኖ መመርመርም ይቻላል። ዋግምት (ሒጃማ) ጾምን ያበላሻል ወይ በሚለው ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ የሻፊዒይ፣ የሐነፊይና የማሊኪይ መዝሀቦች አያበላሽም ይላሉ፣ ሐንበሊዮች ያበላሻል ይላሉ። ለምርመራ የሚወሰደውን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ደም ግን ከሐንበሊዮችም የዘመናችን ታላላቅ ዑለማዎች ከሒጃማ አልቆጠሩትም። ስለዚህ «ዒድ ይለፍና» ብሎ ቀጠሮ ማሳለፍ አያስፈልግም። እንዲያውም አመጋገብ በሚለዋወጥበት ወር ምርመራው ይበልጥ ይፈለጋል። ጎመን ማቅጠኛውን የሚቃወም ቫይታሚን ኬ ይበዛበታል። መተው ሳይሆን፣ አንድ ሳምንት ሞልቶ ሌላ ሳምንት ጨርሶ እንዳይጠፋ ማመጣጠን ነው የሚሻለው።

ዋግምትን ካነሳን ዘንድ፣ ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ዋግምት አይታገም። ደሙ እንደሌላው ሰው ቶሎ አይቆምለትም።

ለእኒያ እናት የመለስንላቸው ይህን ነው፦ በማግስቱ ወደ ልጅቷ ሐኪም ይሂዱ፣ ብልቃጡ አለመሙላቱን ይንገሩ፣ መድኃኒቱን በራሳችሁ አትቀንሱ፣ ደሙም እንደገና ይቀዳ። ሲቀዳም ልጅቷ የትኛው ክንዷ ደም ሥሩ በቀላሉ እንደሚገኝ አስቀድማ ትናገር፤ ውሃም ጠጥታ ትሂድ።