ለአሮጌ መኪና የኋላ ዐይን

ከመኪና በስተኋላ የቆመ ሕፃን ከመስተዋት እይታ ሊሰወር ይችላል። ይህን የሚጠቁም መሣሪያ የሌላቸውን አሮጌ መኪናዎች በሌሊት ወፍ ብልሃት ማገዝ ይቻላል።

በፓራውልቱ ላይ የሚገጠም፣ ውኃ የማያስገባ የአልትራሳውንድ ሴንሰር በሰከንድ 40,000 ጊዜ የሚርገበገብ፣ ለጆሯችን የማይሰማ ድምፅ ይለቃል። ድምፅ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ የገደል ማሚቶው በ5.8 ሚሊሰከንድ ከተመለሰ፣ የደርሶ መልሱ ጉዞ 2 ሜትር፣ የመሰናክሉ ርቀት ደግሞ 1 ሜትር ገደማ ነው። ስሌቱን እንደ አርዱኢኖ ያለ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ያከናውናል፤ ርቀቱ ባጠረ መጠንም የማስጠንቀቂያውን ጩኸት ያፋጥናል።

ኃይሉ ከኋላ ማርሽ መብራት ሽቦ በፊውዝ በኩል ይወሰዳል፤ ሆኖም 12 ቮልቱ አስቀድሞ ወደ 5 ቮልት ዝቅ ካልተደረገ ሴንሰሩ ይቃጠላል።

ለስላሳ ልብስ ድምፅን ስለሚውጥ መሣሪያው ሰውን ሊስት ይችላል። እንግዲህ ሴንሰሩ ረዳት እንጂ የአሽከርካሪው ምትክ አይደለም፤ ወርዶ ማየት አሁንም ግድ ነው።