ሁለት ደናግልና የሰሜን ኡጋንዳ ልጃገረዶች

“የሴቶች ክብርና መብት” የሚለው ሐረግ በየስብሰባው ስለሚደጋገም፣ ትርጉሙን ሳናስተውል የምናልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ሐረጉ በተግባር ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት ከፈለጋችሁ፣ ሐሳባችሁን ከኬንያ ማዶ ወደምትገኘው ወደ ኡጋንዳ መልሱ።

በዚያች አገር ሰሜናዊ ክፍል በጆሴፍ ኮኒ የሚመራው “የጌታ ተከላካይ ሠራዊት” የተባለው አማፂ ቡድን፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል ሕዝቡን ሲያሸብር ኖሯል። በዚህ ዘመን በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት ተጠልፈዋል። ወንዶቹ ጠመንጃ ተሸካሚ ሲሆኑ፣ ሴቶቹ ለአዛዦች ይታደሉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር ወር 1996 አማፂዎቹ አቦኬ በተባለ ስፍራ ወደሚገኘው የቅድስት ማርያም የልጃገረዶች አዳሪ ት/ቤት ሌሊት ገብተው 139 ተማሪዎችን ወሰዱ። ምክትል ርእሰ መምህርቷ፣ የኮምቦኒ ማኅበር አባል የሆኑት ጣሊያናዊቷ ሲስተር ራኬሌ ፋሴራ፣ የመንግሥት ጦር እስኪደርስ አልጠበቁም። ሲነጋ አንድ መምህር ይዘው የልጆቹን ዱካ በእግር ተከተሉ፤ ደረሱባቸውም። መሣሪያ አልነበራቸውም። በአዛዡ ፊት ተንበርክከው ለመኑ፤ በልጆቹ ፈንታ እርሳቸው እንዲወሰዱም ጠየቁ። አዛዡ በመጨረሻ 109ኙን ለቀቀ፤ 30ዎቹን ግን መርጦ አስቀረ።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ልብ በሉ። በሂሳብ ደብተር ቢሰላ 109 ከ139 ትልቅ ድል ነው። ሲስተር ራኬሌ ግን 30ዎቹን ትተው መመለስ ግድ ሆነባቸው። ከዚያ በኋላ ወላጆች ማኅበር መሠረቱ፤ ጥያቄያቸውንም በአቦኬ ልጆች ሳይወስኑ፣ የተጠለፉት ሕፃናት ሁሉ እንዲለቀቁ አቤት አሉ። ከ30ዎቹ መካከል በእገታ ላይ እንዳሉ የሞቱ አሉ። የመጨረሻዋ ነጻ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2009 ነበር።

ከጫካ መውጣት ግን የመከራው ፍጻሜ አልነበረም። ልጃገረዷ በሕፃንነቷ ተጠልፋ፣ ጎልምሳና ልጅ ታቅፋ ስትመለስ ብዙ ጊዜ የመንደሩ ሰው “የአማፂ ሚስት” እያለ ይሸሻት ነበር። የሰዋስው ተማሪ ይህን አነጋገር በቀላሉ ሊያልፈው አይገባም። “አገባች” ስንል የድርጊቱ ባለቤት እርሷ ናት፤ ወዳና ፈቅዳ ያደረገችው ይመስላል። “ተጠለፈች” ስንል ግን ድርጊቱ የተፈጸመባት መሆኑን ግሡ ራሱ ይመሰክርላታል። ጠለፋ ምን እንደ ሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

በጉሉ ከተማ የቅድስት ሞኒካ የልጃገረዶች ልብስ ስፌት ማሠልጠኛን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የመሩት ኡጋንዳዊቷ ሲስተር ሮዝሜሪ ኒሩምቤ ናቸው። አዋላጅ ነርስ የነበሩት እኒህ መነኩሲት፣ አንዳንድ ተማሪዎች ትምህርቱን መከታተል ያቃታቸው ከጫካ የተመለሱ በመሆናቸው እንደ ሆነ ተረዱ። ስለዚህ በሬዲዮ ጥሪ አደረጉ፦ የተመለሳችሁ ሁሉ ኑ፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ። ጥሪው ከፍ ያለ ዋጋ ያገኘው በሁለተኛው ክፍል ይመስለኛል። ልጇን የምታስቀምጥበት የሌላት እናት፣ ት/ቤቱ በነጻ ቢሆን እንኳ ልትማር አትችልም። በማሠልጠኛው ግቢ ግን እናቶቹ በስፌት መኪና ላይ ሲቀመጡ ልጆቹ በመዋያው ይጠበቃሉ። ሠልጣኞቹ ከልብስ ስፌትና ከምግብ ሥራ ሌላ፣ ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ላይ የሚነቀለውን መክፈቻ በክር እያያያዙ የእጅ ቦርሳ ይሠራሉ፤ ቦርሳውም ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል።

ስፌትና ወጥ ማብሰል ሴትን መልሶ ወደ ጓዳ የሚያስገባ ሙያ ነው ብሎ የሚነቅፍ አይጠፋም። ነቀፋው ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን የአካባቢውን ሥርዓት ተመልከቱ። በአቾሊ ሕዝብ ዘንድ ልጅ የሚቆጠረው በአባቱ ጎሣ ሲሆን፣ የሚያርሰውን መሬትም የሚያገኘው በዚያው በኩል ነው። አባቱ በጫካ የቀረ ወይም ዘመዶቹ የማይታወቁ ልጅ ጎሣም መሬትም የለውም፤ እናቲቱም በወላጆቿ ቤት ከነልጇ ቦታ አላገኘችም። እንግዲህ ይህች ሴት የቤት ኪራይ የምትከፍለው፣ ልጇንም ት/ቤት የምትልከው፣ ማንም ሊነጥቃት በማይችለው በእጇ ሙያ ነው።