ከሞላሰስ እስከ ቆሼ

የስኳር ፋብሪካ አገዳውን ጨምቆ ስኳሩን ከወሰደ በኋላ የሚተርፈው ጥቁር ዝልግልግ ፈሳሽ ሞላሰስ ይባላል። ከ1 ቶኑ 250 ሊትር ገደማ ኢታኖል ይወጣል። ብራዚል የነዳጅ ዋጋ ንረት አስጨንቋት እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ ኢታኖል ስትዞር ለመኪና ብላ አገዳ ማልማቱን ተያያዘችው፤ እኛ የያዝነው ተረፈ ምርቱን ነበር። ይህን ልዩነት አጥብቄ እወደዋለሁ፤ ከማንም ጉሮሮ የሚነጠቅ ነገር የለምና።

በ2001 ዓ.ም. የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል ሱሉልታ ላይ ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ ለአዲስ አበባ መቅረብ ጀመረ፤ መጠኑ 5 በመቶ ነበር። በ2003 ዓ.ም. 10 በመቶ ደረሰ። ኢታኖል በሊትር የሚሰጠው ጉልበት የቤንዚንን ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢሆንም፣ በዚህ መጠን ሲደባለቅ ባለመኪናው የሚያጣው 3 በመቶ ገደማ ነው፤ ሞተሩም መነካት አያስፈልገውም። የሚያስቸግረው ውሃ ነው። ኢታኖል ውሃ ስለሚስብ፣ በማደያው ጋን ውስጥ ውሃ ካለ ከቤንዚኑ ተለይቶ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይወርዳል።

ድብልቁ ግን አልጸናም። ያንኑ ኢታኖል መጠጥ አምራቹም፣ የስደተኞች መጠለያ ምድጃም፣ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ደግሞ ሳኒታይዘር አምራቹም ይፈልገዋል። አገዳው ሲያንስ ሞላሰሱም ያንሳል።

እኔን ከዚህ ይልቅ የሚያንገበግበኝ የናፍጣው ጉዳይ ነው። ኢታኖሉ የሚቀላቀለው ከቤንዚን ጋር ነው፤ እህሉን፣ ማዳበሪያውንና መንገደኛውን የሚያጓጉዘው ግን በናፍጣ የሚሠራ መኪና ነው። ለናፍጣ ሞተር የሚመቸው ያገለገለ የምግብ ዘይት ነበር፤ ከሜታኖል ጋር በኬሚካል ተዋህዶ ግሊሰሪኑ ሲለይ ባዮዲዝል ይሆናል። ጃትሮፋ በተባለው የዘይት ተክል ላይ ያ ሁሉ ተስፋ ሲጣል፣ ከየሆቴሉ መጥበሻ የሚደፋውን ዘይት ትኩር ብሎ ያየው ጥቂት ሰው ነው።

ከሚጣለው ነገር ሌላው ደረቅ ቆሻሻው ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቆሻሻ መጣያ የሆነው የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ። ከጎኑ ይሠራ የነበረው የረጲ ማመንጫ በ2010 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የታቀደው በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲሰጥ ነበር። ያኔ ነገሩን ከመኪና ጋር ያያያዘው ሰው ያለ አይመስለኝም። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ሲከለከል ግን ትርጉሙ ተለወጠ፤ ረጲ የሚያመነጨው፣ ድርሻው ትንሽ ቢሆንም፣ ከግድቦቹ ኃይል ጋር በአንድ መስመር ሄዶ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ይሞላል። የከባድ መኪናው ናፍጣ አሁንም ከጂቡቲ በቦቴ ይመጣል፤ ቦቴውም መንገዱን የሚጨርሰው በናፍጣ ነው።